ወንዙ ዳር መናፈሻ፣ ከኋላው ፋብሪካ፦ አቃቂ ቃሊቲ ላይ ማን ለማን ይልቀቅ?

ጥያቄ፦ «አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከትንሹ አቃቂ ወንዝ 60 ሜትር ያህል ርቀን 14 ሰዎች የምንሠራበት የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ሼድ አለን። በዙሪያችን መጋዘኖች፣ የዱቄት ፋብሪካ፣ ጋራዥና አንድ ቆዳ ፋብሪካ ይገኛሉ። አሁን የወንዙ ዳርቻ ሊለማ ነው፣ መናፈሻም አፓርታማም ይሠራል እየተባለ ነው። ገሚሱ ‹ፋብሪካ ከወንዝ ዳር ይነሣ› ይላል፤ ገሚሱ ‹እንጀራችን ነው፣ የት እንሂድ› ይላል። ሁለቱ አብረው መኖር ይችላሉ ወይስ አንዱ ለሌላው መልቀቁ የግድ ነው? እኛስ ካሁኑ ሌላ ቦታ መፈለግ እንጀምር?»

ምላሽ፦

መልሴን አስቀድሜ ምክንያቱን ላስከትል። መናፈሻና ፋብሪካ ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ፤ በደንብ ከታሰበበት እንዲያውም አንዱ ሌላውን ይጠቅማል። አብረው መኖር የሚያቅታቸው አፓርታማና ፋብሪካ ናቸው። «የወንዝ ዳርቻ ልማት» የሚለው ስም መናፈሻውንም አፓርታማውንም ጠቅልሎ ስለሚይዝ በየስብሰባው የሚነሣው ክርክር መያዣ መጨበጫ ያጣል፤ አንዱ ስለ ዛፍና ስለ እግረኛ መንገድ ሲናገር ሌላው የሚሰማው ስለ ሕንፃ ነው። ስለዚህ ፕላኑ ለውይይት ሲቀርብ መጀመሪያ የምትጠይቁት አረንጓዴው ስፍራ ከወንዙ ጠርዝ ተነሥቶ ስንት ሜትር ላይ እንደሚያበቃ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መሬት ደግሞ በካርታው ላይ በምን ቀለም እንደተቀባ፣ ማለትም ለምን አገልግሎት እንደተመደበ ይሁን። ጉዳዩ ያለው በዚያ ቀለም ውስጥ ነው።

ፋብሪካ አቃቂ ላይ የበቀለበት ምክንያት አለው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ያለፈው በዚሁ በኩል ነው። መሬቱ እንደ ሰሜኑ የከተማዋ ክፍል ዳገትና ቁልቁለት አይበዛበትም፤ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሞጆና ወደ ወደብ የሚወስደው መንገድ በደጁ ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዳማ የፍጥነት መንገድም የሚነሣው ከቅርቡ፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው። እውነቱን ለመናገር ወንዙም ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር፤ ፋብሪካዎቹ ውሃ የሚቀዱበትም፣ የተጠቀሙበትን መልሰው የሚደፉበትም እሱ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ጥቅም መንፈግ ይገባል፤ ለአንድ ቀን እንኳ እንዲቀጥል የሚያደርግ በቂ ምክንያት አላገኘሁለትም። የቀሩት ጥቅሞች ግን ዛሬም አሉ። መናፈሻ በየትኛውም ወንዝ ዳር ሊሠራ ይችላል። ተሳቢ መኪና ሳይጨነቅ የሚዞርበት፣ ከፍተኛ ኃይል ያለው መስመር የደረሰበት፣ ሠራተኛውም በእግሩ የሚመጣበት ሜዳ ግን አንዴ በሕንፃ ከተሸፈነ መልሶ አይገኝም።

ወደ ወንዙ ልምጣ። ትንሹም ትልቁም አቃቂ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ካሉ፣ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላቸው ተራሮች ተነሥተው ከተማዋን ካቋረጡ በኋላ፣ 2060 ሜትር አካባቢ ላይ በሚገኘው የአባ ሳሙኤል የግድብ ሐይቅ ይገናኛሉ። እናንተ ያላችሁት በጉዞው መጨረሻ ላይ ነው። ከኮልፌ፣ ከመርካቶ፣ ከልደታ የወረደው ሁሉ በደጃችሁ ያልፋል። ጅብ ከላይ ሆኖ ከታች የምትጠጣውን አህያ «ውሃ አደፈረስሽብኝ» ያላት ጊዜ «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» ያለችው ትዝ ይለኛል፤ ላይኛው ከተማ ሽንት ቤቱን በቱቦ ወንዝ ውስጥ እየለቀቀ ታችኛውን ሠፈር «ወንዙን ያበላሸኸው አንተ ነህ» ሲለው ነገሩ ከዚህ አይርቅም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት በ29 ቢሊዮን ብር ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ሲያቅድ ትክክለኛው ነገሩ ወንዙን ከራስ እስከ ግርጌ እንደ አንድ መመልከቱ ነበር። ላይኛው ክፍል ሳይጸዳ ታችኛው ዳርቻ ላይ አግዳሚ ወንበር መደርደር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሽታው ወንበሩን ባዶ ያደርገዋል።

ይሁን እንጂ የእኛዋ አህያ፣ ታችኛው ሠፈር፣ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አይደለችም። ብክለት ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱን ያልለየ ሰው ፍርዱ ይዛባል። ከየቤቱ የሚወጣው ፍሳሽ በመጠን እጅግ ይበልጣል፤ ይሸታል፣ በሽታ ያመጣል፤ ነገር ግን አየር ካገኘና ጊዜ ከተሰጠው የሚበሰብስ ነገር ስለሆነ ሊጣራ ይችላል። በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጎ የተሠራው የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ የተቋቋመው ለዚሁ ነው፤ ቤቶች ከመስመሩ ጋር እስከተገናኙ ድረስ መፍትሔው ይታወቃል። ቆዳ ለማልፋት የሚገባው ክሮሚየም የተባለ ብረት ግን አይበሰብስም፤ ከብረት መለበጫ የሚወጣውም እንደዚሁ። ደለል ውስጥ ይቀመጣል፣ ከደለሉ ወደ አፈር፣ ከአፈሩም ወደ አትክልት ይሻገራል። ጥቂት ሊትር ቢሆንም ዕድሜው ረጅም ነው።

አንድ ዓመት በበጋ ከባልደረባዬ ጋር ከድልድይ ሥር የውሃ ናሙና ስንቀዳ፣ ወንዙ ዳር ቆስጣና ሰላጣ የሚያለማ አንድ ሰው በትንሽ የናፍጣ ሞተር ውሃ እየሳበ መደቡን ያጠጣ ነበር። ጠርሙሳችንን ዐይቶ ስለ ውሃው ምን እንዳገኘን አልጠየቀንም። «ጠዋት ብትመጡ ይሻላችሁ ነበር» አለን። «ከሰዓት በኋላ ሽታው ሲለወጥ እኔ ሞተሬን አጠፋለሁ።» ከቆምንበት ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ከግንብ ሥር በወጣ ቱቦ አፍ ዙሪያ ድንጋዩ ሰማያዊ አረንጓዴ ቅርፊት ይዟል። ያ ሰው በአፍንጫው የሚያደርገውን ቁጥጥር፣ ሥልጣኑ ያላቸው በመሣሪያ ቢያደርጉት ኖሮ ዛሬ «ፋብሪካ ይነሣ» የሚለው ድምፅ ይህን ያህል ባልበረታ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሕግ አልጎደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፤ ነባር ፋብሪካዎች ደረጃውን እንዲያሟሉ የአምስት ዓመት ጊዜ የሰጠው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 አለ፤ ያ አምስት ዓመትም ካለፈ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ከተማዋም በበኩሏ ስለ ወንዞችና ዳርቻዎቻቸው ደንብ ቁጥር 180/2017ን አውጥታለች።

«ታዲያ የሚበክለውን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር አይቀልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ካርታ ዘርግቶ ማየት ይበቃል። የአቃቂ ውሃ ከአባ ሳሙኤል ወርዶ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። ለቆዳ ፋብሪካዎች ዘወትር ስሟ የሚነሣው ሞጆ ወንዟ የሚፈስሰው ወዴት ነው? ወደዚያው ወደ ቆቃ። ከቆቃ በታች አዳማ የመጠጥ ውሃዋን የምትቀዳው ከአዋሽ ነው። ማጣሪያ የሌለውን ፋብሪካ ከቃሊቲ አንሥቶ ሞጆ መትከል መርዙን በሌላ መንገድ ወደዚያው ሐይቅ መላክ ማለት ነው። ፋብሪካዎችን አንድ ላይ ሰብስቦ የጋራ ማጣሪያ መሥራት ከተቻለ ማዛወሩ ትርጉም አለው፤ ማጣሪያው ቀድሞ፣ ፋብሪካው ተከትሎ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ዝውውሩን አልደግፍም።

ፋብሪካን በእርግጥ ከቦታው የሚያስለቅቀው መናፈሻውም የአካባቢ ሕጉም ሳይሆን የመሬት ዋጋ ነው። በሌላ አገር ይህ በግልጽ ታይቷል። በቺካጎ ከወንዙ ሰሜናዊ ቅርንጫፍ አጠገብ ባለው ክላይቦርን በሚባለው አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሮጌ ፋብሪካዎች ወደ መኖሪያና ወደ ገበያ አዳራሽ እየተለወጡ ሲሄዱ የቀሩት ባለፋብሪካዎች ሁለት ነገር ገጠማቸው፤ አዲሱ ጎረቤት ስለ ጫጫታ ይከስሳቸዋል፣ ደላላው ደግሞ ከምርታቸው የሚበልጥ ገንዘብ ያሳያቸዋል። ከተማዋ በ1988 መሬቱ ከምርት ሥራ ውጪ እንዳይውል የሚያግድ የተጠበቀ ቀጠና አወጣች። ክልከላው ሠላሳ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በ2017 በዚያ አካባቢ ተነሣ፤ ሲነሣ ግን በነጻ አልተነሣም። መሬቱን ወደ ሌላ አገልግሎት የሚለውጥ አልሚ የሚከፍለው ገንዘብ በሌሎች የኢንዱስትሪ ቀጠናዎች መንገድና መሠረተ ልማት ላይ እንዲውል ተደረገ። ክልከላው ዘላለማዊ መሆን ነበረበት አልልም። የምወድላቸው ውሳኔው ለመላው ቀጠና በአንድ ጊዜ መወሰኑንና ለውጡ ዋጋ የተቆረጠለት መሆኑን ነው።

እኛ ዘንድ ይህን ማድረግ እንዲያውም ይቀላል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ባለይዞታው ያለው የመጠቀም መብትና በላዩ ያፈራው ንብረት ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የመሬቱን አገልግሎት ለመለወጥ የሚመለከተውን አካል ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ስለዚህ በካርታው ላይ «ኢንዱስትሪ» የሚለው ቃል «ቅይጥ» (መኖሪያም ንግድም የሚሠራበት) በሚለው ሲተካ የሚፈጠረው ትርፍ የማንም ላብ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ የቀለም ለውጥ ብቻ ያመጣው ትርፍ ነው። ያ ገንዘብ ለጋራ ማጣሪያ፣ ለመንገድና ለሚነሡ ወርክሾፖች ሼድ ቢውል ለመቃወም የሚበቃ ምክንያት ያለው ሰው አይኖርም። በተግባር የማየው ግን ሌላ ነው። አንድ ባለይዞታ ይጠይቃል፣ ይፈቀድለታል፤ ሁለተኛው «ለእሱ ተፈቅዶ ለእኔ ለምን» ይላል፤ ሦስተኛው ማምረቱን አቁሞ፣ ግቢውን ለመጋዘን አከራይቶ፣ የቀለም ለውጡን ይጠብቃል። ግንቡ የፋብሪካ ሆኖ ውስጡ የጤፍና የሲሚንቶ ክምር ያለበትን ግቢ በቃሊቲ መንገድ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። እንዲህ ያለው ግቢ «ኢንዱስትሪ እናድን» ሲባል አብሮ መዳን የለበትም፤ እንዲያውም መናፈሻውን ማስፋት ካስፈለገ መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው።

አፓርታማውን ለምን ከፋብሪካ ማራቅ እንደፈለግሁ ላስረዳ። በሥራዬ አጋጣሚ በከተማዋ ዳር ባለ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች እናት ቤት ገብቼ ነበር። በረንዳዋ በላስቲክ ተሸፍኗል፤ የመኝታ ቤቷ መስኮት ከብረት ሥራ ግቢ ቆርቆሮ ጣሪያ በላይ ይከፈታል፣ ማለትም ይከፈት ነበር። «ነጭ ልብስ እዚህ አላሰጣም» አለችኝ፤ ጣቷን በመስኮቱ ደፍ ላይ አሻሽታ ጥቁሩን አሳየችኝ። የግቢው ባለቤት ደግሞ በዚያው ሳምንት ከነዋሪዎች የተፈረመበት የአቤቱታ ወረቀት ደርሶት ነበር። ሰውየው እዚያ መሥራት የጀመረው የሕንፃው መሠረት ሳይቆፈር በፊት ነው። እናትየዋም እውነቷን ነው፣ ሰውየውም እውነቱን ነው፤ ጥፋተኛው መስኮቱን በዚያ አቅጣጫ ያወጣውና ያጸደቀው ነው።

ለንደን ለዚህ ዓይነቱ ነገር ቀላል መርሕ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የከተማዋ ፕላን ውስጥም ተጽፏል። አዲስ የሚመጣው ነባሩን እንዲችል ሆኖ ይገንባ ይላል። ጫጫታ ካለበት አጠገብ መኖሪያ የሚሠራ ሰው ድርብ መስታወቱን፣ ወፍራሙን ግድግዳ፣ የመኝታ ክፍሎቹን ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞሩን በራሱ ወጪ ያደርጋል፤ ፋብሪካውን «ዝም በል» ማለት አይችልም። መርሑ ጫጫታን እንጂ መርዝን እንደማይሸፍን ልብ ይበሉ። «ቀድሜ ነበርኩ» ማለት ወንዝ ውስጥ ክሮሚየም የመልቀቅ መብት አይሰጥም።

መናፈሻው እንግዲህ በሁለቱ መካከል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በወንዙና በፋብሪካው ግንብ መካከል ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ መደዳ ያለው ሰፊ አረንጓዴ ስፍራ ቢኖር ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎርፉ የሚተኛበት ቦታ ያገኛል፣ አቧራው ይቀንሳል፣ ሰው ይሄድበታል። ከሁሉ በላይ ቱቦው ይታያል። ሰው በማይደርስበት ገደል ሥር የተቀበረ ቱቦ ሌሊት ማንም ሳያይ ይለቀቃል፤ ልጅ የያዙ ቤተሰቦች ቅዳሜ በሚያልፉበት መንገድ ላይ የሚከፈት ቱቦ ግን ባለቤቱን ያሳፍራል። ኢንስፔክተር ከመቅጠር ርካሽ ነው። ባለፋብሪካ ወዳጆቼ ይህን ስላቸው ይስቃሉ፣ ግን አይከራከሩኝም። መናፈሻውንና የጭነት መኪናውን ማጣላት የለብንም፤ እግረኛው በወንዙ በኩል፣ ተሳቢው በዋናው መንገድ በኩል ከገባ አይገናኙም። የአቃቂ ጥቁር አፈር ክረምት ሲረጥብ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ዳርቻውን በኮንክሪት ግንብ ከማጠር ይልቅ ቀለል ባለ ተዳፋትና በጋቢዮን (ድንጋይ በታጨቀበት የሽቦ ሣጥን) መያዙ ይሻላል፤ የተሰነጠቀ ግንብ በየዓመቱ ከመጠገን ያድናል።

የትኛው ፋብሪካ ይቆይ ለሚለው ስሙን ሳይሆን ሥራውን አይቼ ነው የምፈርደው። የዱቄት ፋብሪካ፣ ዳቦ ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ማተሚያ ቤት፣ የቤት ዕቃ፣ የብረት በርና መስኮት ከመናፈሻ ኋላ ያለ ችግር ይኖራሉ። ቆዳ ማልፋት፣ ብረት ማቅለጥ፣ ባትሪ ማደስ፣ ቀለምና ኬሚካል፣ የነዳጅ ማከማቻ አይኖሩም። እነሱ ቢነሡ እንኳ ሥራው አላለቀም፤ ለዓመታት ቆዳ የታጠበበት ግቢ ላይ አፈሩ ሳይመረመር የልጆች መጫወቻ መሥራት ከፋብሪካው የባሰ ጥፋት ነው። አካባቢው ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚሳብባቸው የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚገኙበት መሆኑም መረሳት የለበትም፤ አፈር ውስጥ የቀረው አንድ ቀን ወደ ቧንቧ ሊመጣ ይችላል።

ስለ ሠራተኛው አንድ ነገር ልጨምር፤ በፕላን ላይ ቀለም የሌለው እሱ ነውና። ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከየኪራይ ቤቱ ወጥቶ በእግሩ ወደ ፈረቃው የሚሄደው ሰው በየትኛውም ካርታ ላይ ስሙ የለም። ፋብሪካው ሲነሣ ባለይዞታው ካሣ ያገኛል፤ እሱ የትራንስፖርት ዕዳ ይገባል። መናፈሻው ሲሠራም ያው ሰው ምሳውን የሚበላበት ጥላ፣ ውሃ የሚጠጣበት ቧንቧ፣ ሌሊት ሲመለስ የሚያበራለት መብራት ካላገኘበት የተሠራው ለሌላ ሠፈር ሰው ነው።

ስለ ሼዳችሁ በቀጥታ ልመልስ። ከነገራችሁኝ ተነሥቼ ዛሬ ቦታ ፍለጋ አትጀምሩ። መጀመሪያ የአካባቢ ልማት ፕላኑን ከክፍለ ከተማው ጠይቃችሁ 60 ሜትሩ ከወንዙ መሃል ነው ወይስ ከክረምት ሙላቱ ጠርዝ ተለክቶ ነው የሚለውን አረጋግጡ፤ ልዩነቱ ሼዳችሁ ለአረንጓዴው ስፍራ በተከለለው መስመር ውስጥ መግባት አለመግባቱን ይወስናል። ለግንባታው በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ተሠርቶ እንደሆነም ጠይቁ፤ ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ሰነድ ነው። አፓርታማው ከቆዳ ፋብሪካው አጠገብ ከታቀደ ተቃውሟችሁን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ በቁጥርና በማኅተም አስገቡ፤ ነገ በጫጫታ የሚከስሳችሁ ነዋሪ ሲመጣ ቀድማችሁ ተናግራችሁ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት ይኖራችኋል። ይህን እያደረጋችሁ ሦስት ነገር በራሳችሁ ወጪ ጀምሩ። ቀለም የምትረጩበትን ቦታ ከወንዙ በኩል አንሥታችሁ ወደ መንገዱ በኩል አዛውሩና በማጣሪያ ዝጉት፤ ያገለገለ ዘይትና ቲነር መሬት ላይ መድፋት አቁማችሁ በክዳን በርሜል አጠራቅሙ፤ የመቁረጫ ማሽኑን በወንዙ በኩል ካለው ቆርቆሮ ግድግዳ አርቃችሁ በመሃል ትከሉት፣ ያ ቆርቆሮም ወደፊት መናፈሻው የሚያልፍበት ነውና በብሎኬት ተኩት።